ሁለት ባለቤት የነበረው ሰባት ቁጥር ማልያ

ጩጬ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡላት አሥረኛ ክፍል ሳለች ነው፤ ከትምህርት ቤቱ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን በዕድሜ ትንሿ እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ልጅ ወልዳለች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪና መንዳት አስተምራለች፤ የከተማው ሹፌር ግማሹ በእሷ ቁጣ ያለፈ ነው። ስሙ ግን አልለቀቃትም። ባሏ አዲስ ሙሽራ ሳለ አንድ ቀን ስልክ አንስቶ «ጩጬ አለች?» ሲሉት፣ «እዚህ ቤት ገና ልጅ አልተወለደም» ብሎ ጆሯቸው ላይ ዘግቶባቸዋል።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ወደ ድሮ ትምህርት ቤቷ ስትነዳ ተማሪዎቿን የምትከለክለውን ሁሉ አደረገች። በቀኝ ቀደመች፣ ያለ ምክንያት ክላክስ ነፋች፣ ቢጫ መብራት ስታይ ነዳጅ ረገጠች። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጇ ቀበቶውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣

«እማ፣ ዛሬ ራስሽን ብትፈትኚ ኖሮ ትወድቂ ነበር» አለቻት።

«ዝም በይና መንገዱን እይ!»

«መንገዱን ማየት ያለብሽማ አንቺ ነሽ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ታድሶ በዚያ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመረቃል። ግድግዳው ላይ ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት ዋንጫ ያመጣው ቡድን ተስሏል። ከሥዕሉ ሥር ደግሞ የፍጻሜውን የመጨረሻ ቅርጫት ያስቆጠረችው ልጅ ስም በትልልቁ ይጻፋል። ያቺን ኳስ ያስገባችው ጩጬ ናት። ችግሩ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ከራሷ ከጩጬ በቀር አለመኖሩ ነው። ጋዜጣው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ከተማው በሙሉ የሚያውቀው አምበሏ ማስቆጠሯን ነው።

ጩጬ እውነቱን ለባሏና ለልጆቿ ነግራለች፤ አንዴ ሳይሆን አጋጣሚ ባገኘች ቁጥር። እነሱም ይስቃሉ። እነሱ ቤት አንድ ሰው ትንሽ ካጋነነ «ይሄ ደግሞ የእማ ቅርጫት ነው» ይባላል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ስቃ ስታበቃ ግን ሆዷ ይባባል። ገንዘብ አትፈልግ፣ ሽልማት አትፈልግ፤ ልጇ ፊት አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ «እናትሽ አልዋሸችም» እንዲልላት ትፈልጋለች። ልጇን እንቅልፏን አስጥላ ያመጣቻትም ለዚሁ ነበር።

አንድ ቅርጫት እንዴት ሁለት ባለቤት ያገኛል ለሚል ሰው መልሱ በረኪና ነው።

ትምህርት ቤቱ ለሰባት ተጫዋቾች ሰባት ሰማያዊ ማልያ ገዝቶ ነበር። ከተቀያሪዎቹ አንዷ፣ አፏ ለአፍታ ስለማይዘጋ ሬዲዮ የሚሏት፣ ሁለቱን «እኔ አጥባቸዋለሁ» ብላ ወሰደችና በረኪና ውስጥ ዘፍዝፋቸው አደረች። በማግስቱ እንደ ሐኪም ጋዋን ነጭ ሆነው ወጡ። የፍጻሜ ተጋጣሚዎቻቸው የሚለብሱትስ? ነጭ! ሌላ ለመግዛት ጊዜም አቅምም አልነበረም። አሰልጣኙ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ አሰቡ አሰቡና መላ ዘየዱ። ተጫዋች ሲቀየር ማልያውም አብሮ ይቀየር አሉ። የግራጫ ብርድ ልብስ አንዱን ጫፍ መስኮት ላይ ያስሩታል፤ ሌላውን ሬዲዮ ወጥራ ትይዛለች። ከመጋረጃው ጀርባ ወጪዋ ታወልቃለች፣ ገቢዋ ትለብሳለች። ማልያው ለሁለቱም እንዲበቃ መምህሩ ተጫዋቾቹን በቁመትና በውፍረት አጣመሯቸው። ሰባት ቁጥር ለአምበሏና ለጩጬ ደረሰ፤ ያኔ ሁለቱም መርፌ ያህል ቀጫጭን ነበሩ። ልምምዱ ከኳሱ ልምምድ አላነሰም። መምህሩ ሰዓታቸውን ይዘው «አሥራ ሁለት ሰከንድ! ሙሽራ ነው እንዴ የምታለብሱት?» እያሉ ይጮሁባቸዋል። በስተመጨረሻ ሰባት ሰከንድ ደረሱ።

የነጥብ መዝጋቢው ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ብቻ ነው። ሰባት ቁጥር አገባች፣ ሰባት ቁጥር ጥፋት ሠራች። ሰባት ቁጥር ውስጥ ያለችው ማን እንደሆነች ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ፍጻሜው ሲያበቃ ሕዝቡ ሜዳውን አጥለቀለቀው። ሁሉም የሚያውቀው ሰባት ቁጥር አምበሏን ስለነበር እሷን ትከሻው ላይ ሰቀለ። ጩጬ በላብ የራሰውን ማልያ እንደለበሰች ውጭ ብርድ ላይ ስትጨፍር አምሽታ ሳንባዋን ታመመች። ሁለት ሳምንት ተኝታ ስትመለስ ነገሩ አልቆ ደቆ ነበር። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የአሥራ ስምንት ዓመት አምበሏን «ቅርጫቴን መልሺ» ትበላት? ካደገች በኋላ ደግሞ ኩራት ያዛት። «ካወቀች ራሷ ትናገር፤ እኔ ለክብር ለማኝ አልሆንም» አለች። አምበሏ ከአባቷ የወረሰችው ዳቦ ቤት ከጩጬ ቤት አምስት ደቂቃ አይርቅም። ከባንኮኒው ጀርባ ያ የጋዜጣ ቁራጭ በመስታወት ተሰቅሏል። ጩጬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዳቦ የምትገዛው ሦስት መንገድ ዞራ ከሌላ ቤት ነው። ባሏ ለምን ሲላት «የእነሱ ዱቄት አይስማማኝም» ትለዋለች።

አዳራሹ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። ሲገቡ ሬዲዮ ከበሩ ላይ ጀምራ ጮኸች፤ አቀፈቻት፣ አገላበጠቻት፣ ወፈርሽ አለቻት፣ ከሳሽ አለቻት፣ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። አምበሏ ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ ከተሰለፉት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀምጣለች፤ አሁን ደልደል ብላለች፣ ሳቋ ግን ያው ነው። መምህሩ ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጥተዋል። በመጨረሻ ሞተር ገባች። ሞተር ያኔ ኳስ አቀባያቸው ነበረች፤ ስትሮጥ የሚይዛት አልነበረም። ፍጻሜው ባለቀ ሳምንት አባቷ ሥራ ተዛውሮ ቤተሰቡ ከተማውን ስለለቀቀ ከዚያ ወዲህ አይተዋት አያውቁም። ዛሬ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ናት፤ ከደረጃው ላይ ስትወርድ ጉልበቷን እየያዘች ነው። አራቱ ሴቶች እንደ ልጅ እየተንጫጩ ተቃቀፉ። ጩጬ ልቧ እንዲህ የዘለለበትን ቀን አታስታውስም።

ሰዓሊው መሰላል ላይ እንደቆመ፣

«እናቶቼ፣ ይቅርታ፣ ቀለሙ ሊደርቅብኝ ነው። ስሙን ማን ልበል?» አለ።

«እናቶቼ ይለናል ደግሞ!» አለች ሬዲዮ። «ማን ይላል እንዴ? አለቻት እንጂ!» ብላ ወደ አምበሏ ጠቆመች።

የዛሬው ርዕሰ መምህርም ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዓሊው ብሩሹን ነከረ። ጩጬ በልቧ ያዘጋጀችው ረጅም ንግግር ነበራት፤ በቁጥር፣ በማስረጃ፣ በትሕትና። ብሩሹ ግድግዳውን ሊነካ ሲል ግን ሁሉም ጠፋባትና፣

«እኔ ነኝ ያገባሁት!» ብላ ጮኸች።

ልጇ መሬት መሬት አየች። ሬዲዮ ልትስቅ ጀምራ ተወችው።

«ምን አልሽ?» አለች አምበሏ። አልተቆጣችም፤ ከልቧ ግራ ገብቷት ነበር።

«ተቀይረሽ ወጥተሽ ነበር። አሥራ አራት ሰከንድ ሲቀር። ቁርጭምጭሚትሽን።»

«ቁርጭምጭሚቴንስ ተመታሁ። ግን ተነስቼ ተጫወትኩ እኮ!»

«ሬዲዮ፣ አንቺ ብርድ ልብሱን ይዘሽ ነበር፤ ተናገሪ!»

«የኔ እህት፣ ያን ቀን ዘጠኝ ጊዜ ነው የዘረጋሁት። እጄ እስኪዝል! የትኛው መቼ እንደነበር በምን ልወቅ?»

ሞተር ትከሻዋን ነቀነቀች። እሷም ቀና ብላ ያየችው ሰማያዊ ማልያ ብቻ ነበር፤ ኳሱን ካቀበለች በኋላ ሁለት ልጆች ወድቀውባታል። የቀሩት መምህሩ ናቸው። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«እንግዲህ ዛሬ ልናዘዝ» አሉ። «የመጨረሻ ሰከንድ ሲሆን ልቤ አይችልም። ሁልጊዜም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው ጆሮዬን የምሰጠው። ያን ቀን ያየሁት ግድግዳ ነው።»

«ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ እንዴት እንደገባች ሲያብራሩልን የነበረው ታዲያ?» አለች ሬዲዮ።

«ከጋዜጣው ነዋ!»

ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን አዩና ሽማግሌ ለመሆን ሞከሩ። «ለምን "ሰባት ቁጥር" ብለን አንጽፈውም? ሁላችሁንም ያስማማል።»

«ማልያ ብቻውን ኳስ አይወረውርም!» አለች ጩጬ። ደሟ ፈልቶ ነበር። «ወይ የእሷን ጻፉ፣ ወይ የእኔን። ውሸት ከሆንኩ ውሸታም በሉኝ። ልጄ ፊት በሉኝ!»

መምህሩ ይሄኔ ፊሽካቸውን ነፉ። ሰው ሁሉ ክው አለ።

«አፍ ይረሳል» አሉ። «እግር ግን እንደዚያ በቀላሉ አይረሳም፤ አንድ ዓመት ሙሉ ደክሜበታለሁ። ተነሱ! አሥራ አራት ሰከንድ፣ አርባ ለሠላሳ ዘጠኝ እየተመራን ነው። አንቺ አምበሏ ተጥለሻል፣ ጥፋት ተነፍቶልሻል። ከዚያ እንጀምር። ማንም እንዳያስብ፣ ማንም እንዳያወራ። ሬዲዮ፣ ላንቺ ነው የምለው!»

ጥግ ላይ ሲለማመዱ የነበሩ የዛሬው ቡድን ልጆች ተጋጣሚ ይሁኑ ተባለ። እየተሳሳቁ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ጩጬ ጫማዋን አውልቃ ተቀያሪዋ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏታል፤ በጣም ደስ ብሏታል። የኳሱ ድም ድም ድምፅ ከወለሉ አልፎ ሆዷ ውስጥ ይሰማታል። ሬዲዮ አጠገቧ ቆማ ሰፊ ሻርፗን ከአንገቷ አወለቀች። ሞተር ኳሱን ተቀብላ ሁለት ጊዜ አነጠረችው፤ የሚያማትን ጉልበቷን የረሳችው ይመስላል።

«ዝግጁ!» አሉ መምህሩና እንደ ልማዳቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

አምበሏ እየሳቀች ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ፊሽካው ተነፋ። ተነሳች። ግራ እግሯን አነከሰች፤ መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። ሁለት እርምጃ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ሜዳው መሐል መሄድ ሲገባት ወደ ወንበሩ መጣች። ማንም አልጠራትም። ሬዲዮ ደግሞ ማንም ሳያዛት ሻርፗን በሁለት እጇ ወጥራ እንደ መጋረጃ ያዘችው። አምበሏ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች፤ ክንዶቿን አጣምራ የሹራቧን ጫፍና ጫፍ ያዘች፤ በአንድ ጊዜ በጭንቅላቷ አውጥታ፣ በነጭ ካናቴራ ቀርታ፣ ሹራቡን ወደ ጩጬ ወረወረች። ጩጬም እጇን አስገብታ አንገቷን እያወጣች ነበር።

«ሰባት ሰከንድ!» ብላ ጮኸች ሬዲዮ ከልማዷ።

ያኔ አምበሏ ቀጥ አለች። ባዶ እጆቿን አየች። ከዚያ ጩጬን፣ የለበሰችውን ሹራብ አየች። ከንፈሯ ተከፍቶ ቀረ።

«ቀጥሉ! ማን አቁሙ አላችሁ?» መምህሩ ከግድግዳው ጋር እየተነጋገሩ ነው።

ጩጬ ሮጠች። ሃያ ሁለት ዓመት መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሊሮጥ የሚችለውን ያህል ሮጠች። ሞተር አንዷን ልጅ በትከሻዋ አልፋ፣ ሳታይ፣ አንገቷን እንኳ ሳታዞር ኳሱን ወደ ግራው ጥግ ለቀቀችው። ልጆቹ ሁሉ በቀኝ ነበሩ። ኳሱ የጩጬ እጅ ውስጥ ዱብ አለ። በግራ እጇ አነሳችው፤ ወረወረች። ኳሱ ቀለበቱን መታ፣ ሰሌዳውን መታ፣ ተመልሶ ወጣና አንዷ ልጅ አፈፍ አደረገችው።

«ገባ?» አሉ መምህሩ ሳይዞሩ።

ሞተር መሬት ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን እያሸች፣ ዓይኗ ከጩጬ ላይ አልተነሳም።

«ወደ ግራ ለምን ጣልኩት?» አለች ቀስ ብላ። «አምበሏ እኮ ቀኝ እጅ ናት። ለእሷ ሁልጊዜ በቀኝ ነው የማቀብላት። በግራ የምጥለው ለግራኟ፣ ላንቺ ብቻ ነው። ጩጬ... ላንቺ ነው የጣልኩት። እሪ! ላንቺ ነው የጣልኩት!»

ሬዲዮ ሻርፗን ጥላ እልልታዋን አቀለጠችው። ተማሪዎቹ ምኑም ሳይገባቸው አብረው ጮኹ። ሰዓሊው መሰላሉ ላይ አጨበጨበ። የጩጬ ልጅ ከተቀመጠችበት ተነስታ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ጩጬ መሳቅም ማልቀስም አምሯት ሁለቱንም በአንድ ላይ አደረገችው።

ድምፁ ረገብ ሲል ነው አምበሏ የመጣችው። በካናቴራ ብቻ ነበረች፤ ብርድ ብርድ እንዳላት ክንዷን አቅፋ። መጀመሪያ የሄደችው ወደ ጩጬ አይደለም። ወደ ጩጬ ልጅ ሄዳ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«እናትሽ ናት ያገባችው» አለቻት። «አልዋሸችሽም።»

ከዚያ ወደ ጩጬ ዞረች።

«አባቴ ኳስ እንድጫወት አይፈልግም ነበር» አለች። «በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ጫማዬን ደብቆብኛል። በማግስቱ ጋዜጣው ወጣ። ዳቦ ሊጋግር ጨለማ ሳለ ወጥቶ አንብቦት ኖሮ፣ መጥቶ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። እኔ አይደለሁም ልበለው? እንዴት ብዬ? ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። እሱ ግን ጋዜጣውን ሰቅሎ፣ ለገባ ለወጣው ደንበኛ ሁሉ እንዴት እንዳገባሁት ያወራ ጀመር። በየቀኑ፣ እስኪሞት ድረስ። ሲያወራ እዚያው ነኝ፤ ዳቦ እየቆጠርኩ እሰማለሁ። መጀመሪያ አፍር ነበር። ቆይቶ ማፈሩም ቀረ። አሁን ሹራቤን እስካወልቅ ድረስ... እመኚኝ፣ የራሴ ትዝታ ነው የሚመስለኝ የነበረው።»

ጩጬ ለዚህ ቀን ያጠራቀመችው ቁጣ ብዙ ነበር። ፈለገችው፤ አጣችው።

«ሳገባው ግን አይተሽኛል አይደል?» አለች። «ከወንበሩ ላይ?»

አምበሏ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። እንባዋ መውረድ ጀምሮ ነበር።

«አላየሁም። ፊቴን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀብሬ እያለቀስኩ ነበር። በእኔ ምክንያት ተሸነፍን ብዬ። ጩኸቱን ብቻ ነው የሰማሁት።» አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «እኔ እኮ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ነው የማወራው። እባክሽ ንገሪኝ። እንዴት ነው የገባችው?»

ጩጬ ይህን ታሪክ ለባሏ፣ ለልጆቿ፣ ለጎረቤቶቿ፣ ፍሬን ይዘው ላብ ለሚያጠምቃቸው ተማሪዎቿ ሁሉ አውርታዋለች። ንገሪን ብሎ የጠየቃት ሰው ግን እስከዛሬ አልነበረም። ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ አምበሏን እጇን ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ልጇም መጥታ ከጎናቸው ቁጭ አለች።

«መጀመሪያ ማልያሽን ለበስኩ» አለች ጩጬ። «በጣም ትኩስ ነበር። እየተንቀጠቀጥኩ ነበር፤ ስለብሰው መንቀጥቀጤ ተወኝ።»